ፎርሙ ላይ ባዶ የምንተወው መስመር



ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ቅዳሜ ቀርቶታል። ሰሞኑን ኮሪደር ላይ የምሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ሰመር ዕረፍት ነው። አንዳንዶቻችሁ አገር ቤት ልትሄዱ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከባልቲሞር የሚነሳ ክሩዝ ቡክ አድርጋችኋል። ይህን የምጽፈው በተለይ ኦቲዝም ወይም ሌላ ልዩ ፍላጎት ያለው ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ክሩዝ ለምትሄዱት ነው። ሌሎቻችሁም ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ነገሩ ወደ ክፍላችን ይመጣል።

አንዲት የተማሪዬ እናት የነገረችኝን፣ እሷን አስፈቅጄ ላጫውታችሁ። ባለፈው ሰመር ከዘመዶቻቸው ጋር ሆነው ክሩዝ ሄዱ። የአራት ዓመት ልጇ ኦቲዝም አለበት። መርከቡ ላይ ባለው የልጆች ክለብ ስታስመዘግበው «ልጅዎ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል?» የሚለውን መስመር ባዶ ተወችው። «ካወቁ አይቀበሉትም ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ የባለቤቴ እህት አጠገቤ ቆማ ነበር» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተጠራች። ስትደርስ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ጆሮውን ይዞ «በቃ! በቃ!» እያለ ያለቅሳል። ሙዚቃው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አጎንብሳ ልታባብለው ትሞክራለች። ግን «በቃ» ምን ማለት እንደሆነ በምን ትወቀው? ልጁ ከዚያ በኋላ ክለቡን አልረገጠም። እናትና አባት የቀሩትን ቀናት በየተራ ካቢን ውስጥ ተቀምጠው ጨረሱ።

እናትየውን ልወቅስ አይደለም፤ ይሉኝታው የሁላችንም ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ይህ ነው፦ ልጃችን ምን እንደሚያስፈልገው ስንደብቅ ከሰው ሐሜት የምናድነው ራሳችንን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው።

ክለቦቹ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ያደርጋሉ፤ ከምንመኘው ግን ያንሳሉ። ሮያል ካሪቢያን የሚቀበለው ከ3 ዓመት ጀምሮ ሽንት ቤት መጠቀም የለመዱ ልጆችን ነው። ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ግን ይህን ደንብ ያላላል፤ ልጁን በዕድሜው ሳይሆን በችሎታው ከሚመጥነው ቡድን ጋርም ሊያስገባው ይችላል። ካርኒቫል ከ2 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል። ካልቸርሲቲ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ሠራተኞቹን አሠልጥኗል፤ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛና ልጅ በእጁ እያገላበጠ የሚረጋጋባቸው መጫወቻዎች ያሉበት ቦርሳም ያውሳል። ነገር ግን እነዚህም ሆኑ ዲዝኒ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚመደብ ሞግዚት አይሰጡም። ልጁ ከቡድን ጋር መቆየት ካልቻለ ይጠሯችኋል። ከዚህ የበለጠ እርዳታ ለሚያስፈልገው፣ ኦቲዝም ኦን ዘ ሲዝ የተባለው ድርጅት የራሱን የሠለጠኑ ሠራተኞች ይዞ የሚሄድባቸው ጉዞዎች አሉ። ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

«ከተናገርኩማ ይከለክሉኛል» ለምትሉ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ የክሩዝ መርከቦችም በአሜሪካ ውኃ ላይ ሳሉ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው ሕግ እንደሚመለከታቸው ወስኗል። ሕጉ ሁሉንም በር አይከፍትም። ስትደውሉ ግን እየለመናችሁ አይደለም።

ታዲያ ምን እንጻፍ? የሐኪም ቃል አያስፈልግም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ያስደነግጠዋል? ሲከፋው ምን ያረጋጋዋል? ሮጦ የመውጣት ልማድ አለው? ውኃ ሲያይ ዘሎ ይገባል? የማይበላው ምንድን ነው? መርከብ ላይ እነዚህ ቀልድ አይደሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የሚናገራቸውን የአማርኛ ቃላት ጻፉላቸው። «በቃ»፣ «ውኃ»፣ «ሽንቴ መጣ»፣ «አመመኝ»። በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ትርጉሙን ጎኑ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ክለቡ ሳይሞላ አብራችሁት ገብታችሁ ቦታውን አሳዩት።

አንዳንዶቻችሁ «እንግሊዝኛ ብቻ ብናናግረው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር» ትሉኛላችሁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለት ቋንቋ መስማቱ ንግግሩን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ያ ልጅ ሲጨንቀው የመጣለት ቃል «በቃ» ነው፤ የእናቱ ቃል ነው። ቃሉን አንንጠቀው፤ ትርጉሙን እንጻፍለት።

«ልጅን ለማያውቁት ሰው ትቶ መዝናናት ምን ይባላል?» የሚሉም አሉ። እኛ ስናድግ እናቶቻችን ልጅ ለጎረቤት ትተው ገበያ ይሄዱ ነበር፤ ማንም ምንም አላላቸውም። እዚህ ጎረቤት የለም። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የምታሳድግ እናት ቡናዋን ሳይቀዘቅዝ የምትጠጣበት አንድ ሰዓት ብታገኝ ነውር አይደለም። ልጁም ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ይገባዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እናትየው ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጁ ክፍሌ በገባ በአራተኛው ቅዳሜ ነው። የነገረችኝም በር አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ስላየችው ነው። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሀ ሁን በጭብጨባ ሳስጮህ ጆሮውን ይዞ ፊቱን ያዞር ነበር፤ እኔ ደግሞ እምቢተኛ መሰለኝ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እንደዚያ አደረግሁ። ያን ቀን ማታ የምዝገባ ፎርማችንን አውጥቼ አየሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ አለርጂ፣ የቲሸርት ቁጥር። ሌላ የለም። እሷ የመርከቡን መስመር ባዶ ተወችው፤ እኛ ጭራሽ መስመሩንም አላስገባንም።

አሁን ጭብጨባውን ትቼዋለሁ። ልጁ ፊደሎቹን ገና ጮክ ብሎ አይጠራቸውም፤ ካርዶቹን ግን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይስት ይደረድራቸዋል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ እንዲህ ያለ ልጅ እቤት ይደበቅ ነበር። እሳቸው ግን «የእኔም ልጅ ኦቲዝም አለበት» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በገዛ ፊደላችን ላይ የተመሠረተ፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ትተውልን አልፈዋል። ያን ጊዜ እዚያ የተቻለው አሁን እዚህ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ለአስተባባሪ ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በመስከረሙ ፎርም ላይ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ እንዲመቸው ምን ብናውቅ ይጠቅማል?» የሚል መስመር ይጨመር። ለሁሉም ልጅ ይሁን፣ ማንም ተለይቶ እንዳይታይ። የሕመም ስም አንጠይቅ፤ የተጻፈውንም ከክፍሉ መምህር በቀር ማንም አያንብበው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አነሣዋለሁ፤ የማትስማሙ ካላችሁ እዚያ እንነጋገር።

መስመሩ ከመጣ ግን እባካችሁ ባዶ አትተዉት።

መልካም ዕረፍት፤ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።

የጀማሪዎች ክፍል በጎ ፈቃደኛ መምህር