ሽንፈትን ማስዋብ

ሥነ ጽሑፍን የምንወድ ሰዎች አንድ የቆየ አመል አለን፤ በፈረሰ ቤት መካከል ብቻውን ቆሞ የሚዋጋ ሰው ካየን፣ ሌላውን ሁሉ እንረሳለን። የዚህ አመል መዘዝ እ.ኤ.አ. በ1956 በኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፉትቦል ስልም ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው።)

ኢንዲያና ውስጥ የሚገኘው ይህ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ በወጣቱ አሠልጣኝ በቴሪ ብሬናን እየተመራ በ1954 ከ10 ጨዋታ 9ኙን፣ በ1955 ደግሞ 8ቱን አሸንፎ ነበር። በ1956 ግን 2 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 8 ጊዜ ተሸነፈ። ኦክላሆማ ሜዳው ድረስ መጥቶ 40 ለ0 ረታው፤ ሚሺጋን ስቴት 47 ለ14፣ አዮዋ 48 ለ8 ድል ነሡት።

በዚያው ዓመት የዚህ ቡድን ተጫዋች ፖል ሆርኑንግ የኮሌጅ ፉትቦልን ታላቅ ክብር፣ የሃይስማንን ሽልማት ተቀበለ። ከተሸናፊ ቡድን ወጥቶ ይህን ሽልማት የወሰደ ሌላ ተጫዋች እስካሁን የለም። ታሪኩም ቡድን ቢወድቅ ችሎታ አይወድቅም ለሚል ስብከት ማስረጃ ሆነ።

ይህን ስብከት አልቀበለውም። ሆርኑንግ ችሎታ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ይወረውራል፣ ይሮጣል፣ ይለጋል፣ ይከላከላል። ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ እንጀራችንን የምንበላ ሰዎች እንደምናውቀው፣ ገቢ ብቻ የሰፈረበት ገጽ ሒሳብ አይባልም። ወጪውም ይጻፍ፦ ሆርኑንግ በዚያ ዓመት ለነጥብ የበቁ 3 ኳሶችን ሲያቀብል፣ 13 ኳሶች በባላጋራ ተጠልፈውበታል።

ከሁሉ የከበደው ወጪ ግን ሌላ ሰው ነው። የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲው ጂም ብራውን በ8 ጨዋታ ኳስ ይዞ 986 ያርድ ሮጧል፤ ከኮልጌት ጋር በተደረገው ግጥሚያ ብቻውን 43 ነጥብ አስቆጥሯል። ቡድኑም አሸናፊ ነበር። ድምፅ ሲቆጠር ግን 5ኛ ወጣ። ብራውን ጥቁር ነበር። ሽልማቱ ከተጀመረበት ከ1935 አንስቶ እስከዚያ ድረስ አንድም ጥቁር አልተሸለመም። የመጀመሪያው፣ በ1961፣ ኧርኒ ዴቪስ ነው፤ እርሱም የሲራኪዩስ ተጫዋች፣ የብራውንን 44 ቁጥር የለበሰ።

«የመራጮቹን ልብ በምን አየህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልባቸውን አላየሁም፤ ቆጠራውን ግን አይቻለሁ። ለአንዱ የቡድኑ ሽንፈት ጌጥ ሆነለት፤ ለሌላው የቡድኑ ድል እንኳ አልበቃውም። ያው ሽንፈት ለአሠልጣኙም ጌጥ አልሆነም። ብሬናን በ1957 የኦክላሆማን የ47 ጨዋታ ተከታታይ ድል 7 ለ0 ገታ፤ በ1958 መጨረሻ ግን ከሥራው ተባረረ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል። ለብቸኛው ጀግና መግጠም የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ግጠሙ። ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ግን የድምፁን ዝርዝር እስከ 5ኛው መስመር አንብቡ።