ክር ክብ አይሄድም



ባለፈው ወር ሰባተኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና “እማማ፣ እይው!” አለኝ። የዱንጉዛ ጥለት ሥሏል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። መሀሉ ላይ ግን ትልቅ ክብ አስገብቶበታል። “ለአክስቴ ሰርግ ይህን እናሠራ” አለ።

ከዶርዜ ወርደው እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ከሚሸምኑት ጎረቤቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና ሳቁ። “ልጄ፣ ክር ክብ አይሄድም። ድሩ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ ማጉ አግድም ያልፋል። ክብ ከፈለግህ ድሩን እየቆጠርህ በደረጃ ታወጣዋለህ።” ልጁ ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አጎላው። ያ ለስላሳ ክብ ሲጎላ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሆነ፤ ደረጃ በደረጃ። “አባባ፣ ስልኩም እንደ እርስዎ ይቆጥራል ማለት ነው!” አለ።

ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር ጥለቱን ከተበሳ ካርቶን የሚያነብ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፣ ከሌለ ባለበት ይቀራል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ይህንኑ ካርድ ላሰበው የስሌት ማሽን ወሰደው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኮምፒውተሮችም ትእዛዝ የሚቀበሉት በተበሳ ካርድ ሆነ። የስልካችን ዘር ሲቆጠር አንዱ አያት ሽመና ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመን ውስጥ የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው የዲዛይን ትምህርት ቤትም የሽመና ክፍል ነበረው፤ ለፋብሪካ የሚሆን ጥለት የነደፉት በእጃቸው የሸመኑ ተማሪዎች ነበሩ።

ልጁ “አባባ ያስተምሩኝ” ሲል ግን እናቱ “ልጄ ሽመና ላይ አይቀመጥም!” አለች። አልፈረድኩባትም። ከጋሞ ደጋ ስንት ሕፃን “ትማራለህ” ተብሎ አዲስ አበባ ተወስዶ ከጠዋት እስከ ማታ ሸማ ሲሠራ ኖሯል። በነርስነት ዘመኔ ወገባቸው የታመመ፣ ዓይናቸው የደከመ ወጣት ሸማኔዎችን አይቻለሁ። “ሸማኔ” የሚለው ቃል ራሱ ስድብ የነበረበትን ጊዜም አንረሳውም።

ሽማግሌው ይህን ሰሙ። “ሲስተር፣ እኔንም በዘጠኝ ዓመቴ ነው ሽሮ ሜዳ የወሰዱኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ልጁን ከትምህርቱ ላስቀረው አልፈልግም። ግን ቆጠራው ከእኔ ጋር መቀበር የለበትም” አሉኝ።

ይህን ለእናቱ ነገርኳት። ተነጋግረን ተስማማን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ብርሃን ባለበት፣ የቤት ሥራው ካለቀ በኋላ። ለሽማግሌውም እንደ ማንኛውም አስጠኚ እንከፍላለን። ዕውቀታቸው ዕውቀት ነውና።

ዛሬ ጥለት ፎቶ ይነሣና በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ይታተማል፤ ለቆጠረው ሸማኔ ግን የሚደርሰው ነገር የለም። ስለዚህ ለሰርግ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጡት። የታተመው ብዙውን ጊዜ ጀርባው ደብዝዞ ይታያል፤ የተሸመነው ጥለት ግን በጀርባውም ክሩ ይታያል። አቅም ሲያንስ የታተመውን መልበስ ነውር አይደለም፤ በተሸመነው ዋጋ መግዛት ግን መታለል ነው። ልጆቻችሁ በስልክ ሲሥሉም አትቆጡ፤ እጁ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አጠገቡ አስቀምጧቸው።

የእኛው ልጅ ማግ መበጠሱን ገና አልተወም። ክቡም አልሞላም፤ ግማሽ ጨረቃ ላይ ደርሷል። እናቱ ትናንት ሻይ ይዛላቸው ሄዳ፣ ቆማ ስትቆጥር አገኘኋት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።