ግጥምን የሚያምንና የማያምን ፊልም

ግጥም እንደሚሞክር ለታወቀ ሰው አንድ ፊልም በየሄደበት ይታዘዝለታል። ሐኪም ለሳል ሽሮፕ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ወዳጅ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም ከሰዓት በፊት የተዋወቁት ሰው ሳይቀር «እንዴት እስካሁን ሳታየው!» እያለ ያንኑ ያዝዛል። በእኛ ቋንቋ «የሙታን ገጣሚያን ማኅበር» ልንለው እንችላለን፤ ፒተር ዊር እ.ኤ.አ. በ1989 ያዘጋጀው፣ ሮቢን ዊሊያምስ ጆን ኪቲንግ የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኖ የሚጫወትበት ፊልም ነው። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ አጥብቄ የምጠላውም እርሱን ነው። ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁና ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ፤ የምወዳቸውን ከዚያ በኋላ እጠራለሁ።

በቅድሚያ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። ዊሊያምስ ድንቅ ተዋናይ ነበር፤ በዚህም ፊልም ቀልዱን ገታ አድርጎ በዝግታ ሲናገር ያምርበታል። ቶድ የተባለው ዓይነ አፋር ተማሪ ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ መምህሩ ዓይኖቹን በእጁ ሸፍኖለት፣ የመጣለትን እንዲናገር የሚገፋፋበት ትዕይንት ልብ ይነካል። የፊልሙ ጽሑፍም ኦስካር ተሸልሟል። የእኔ ጠብ ፊልሙ ስለ ግጥም ከያዘው እምነት ጋር ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1959 አሜሪካ ውስጥ፣ ዌልተን በተባለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። አዲሱ መምህር የግጥም መማሪያውን መቅድም አስነብቦ ሲያበቃ ገጾቹን እንዲቀድዷቸው ያዝዛል። መቅድሙ የግጥም ታላቅነት በመስመርና በስፋት ሊለካ ይችላል የሚል ቂል ነገር ነው። ቂልነቱ ግን ታስቦበት የተጻፈ ይመስለኛል፤ መቅደዱ ቀላል እንዲሆን። ተማሪዎቹ አልተከራከሩትም፣ አላፈረሱትም፤ ቀደዱት ብቻ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ከግቢ እየሾለኩ በዋሻ ተሰብስበው ግጥም ያነባሉ። ሲያነቡ ይሞቃቸዋል፣ ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ። አንድ ግጥም አንሥቶ «ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ?» የሚል ግን ከመካከላቸው አይገኝም። ቶድ እንኳ ከቃል ጋር ሲታገል ቆይቶ ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ «አልጻፍሁም» ይላል፤ ፊልሙ ከታገለበት ግጥም ይልቅ በጩኸት የወጣለትን ያከብርለታል። ዋልት ዊትማን ለተገደለው ለፕሬዚዳንት ሊንከን ያወረደው ሙሾም በመጨረሻው ትዕይንት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ለተሰናበተ መምህር የሚሰጥ ሰላምታ ሆኗል። ሙሾን ለሰላምታ! ሙዚቃው ደግሞ ከሥር እየገፋ «አሁን አልቅሱ» ይለናል፤ እኛም እናለቅሳለን። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ አልቅሻለሁ፤ ሽንኩርትም ያስለቅሳል።

ይህን ፊልም ባየሁ ቁጥር የቅኔ ተማሪ ትዝ ይለኛል። በዋሸራ ይሁን በጎንጅ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ይታረማል! ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመለትን፣ ቤቱ የተዛባበትን ይነቅፍበታል። በማግስቱ እንደገና ይሄዳል። ኪቲንግ እንዲህ ያለውን መምህር ቢያገኘው ነፃነት ገፋፊ ብሎ መጽሐፉን ያስቀድድበት ነበር። እኔ ግን ነፃነትን ያየሁት በዚያኛው ዘንድ ነው፤ ዓመታት የታረመ ተማሪ በበዓል ቀን በጉባኤ መካከል ቆሞ፣ ማንም ሳይሰጠው፣ ከራሱ አፍልቆ ይዘርፋልና።

አሁን ወደምወደው ልሻገር። የደቡብ ኮሪያው ሊ ቻንግ ዶንግ እ.ኤ.አ. በ2010 የሠራው «ግጥም» ነው። በካን ፌስቲቫል የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል። ሚጃ የምትባል ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት፣ አበባ ያለበት ልብስና ባርኔጣ የምትወድ፣ በስትሮክ የተመታ ሽማግሌ እያጠበችና እየተንከባከበች የምትኖር፣ አንድ የልጅ ልጅ የምታሳድግ፣ አንድ ቀን የግጥም ትምህርት ትመዘገባለች። በዚያው ሰሞን ሐኪም የመርሳት ሕመም እንደጀመራት ይነግራታል። ግጥም ለመጻፍ ስትነሣ ተራ ተራ ስሞች ከአፏ መጥፋት ጀምረዋል። በዚሁ ላይ የልጅ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዲትን የክፍላቸውን ልጅ ሲደፍሯት እንደ ቆዩና ልጅቷም ወንዝ ውስጥ ገብታ ራሷን እንዳጠፋች ትሰማለች።

የስድስቱ ልጆች አባቶች ምግብ ቤት ተሰብስበው ይመክራሉ። ለሟቿ እናት ሠላሳ ሚሊዮን ወን ይከፈል፤ ለእያንዳንዱ ቤት አምስት ሚሊዮን ይደርሳል። ውሎዬ ባንክ መስኮት ጀርባ ነውና ሰዎች ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ የሚይዙትን ድምፅ አውቃለሁ፤ እነዚያ አባቶች ያን ድምፅ ይዘዋል። ጨዋዎች ናቸው፣ ቢራ ይቀዳዳሉ፣ አንዱም ክፉ አይመስልም። ሒሳቡ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሚጃ ከመካከላቸው ተነሥታ ወጥታ ደጅ ያለውን አበባ ትመለከታለች፤ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። ግድ የለሽ ትመስላለች። ቆይቶ ነው የሚገባን፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበሩት ሁሉ የሆነውን ነገር ለማየት የሞከረች እርሷ ብቻ ናት። መምህሯ በመጀመሪያው ቀን ፖም ይዞ መጥቶ፣ ግጥም ለመጻፍ አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ አስተምሯቸው ነበርና።

ከዚህ ፊልም አንዱን ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል የአፕሪኮቱን እመርጣለሁ። አባቶቹ፣ ሴት ለሴት ይሻላል ብለው፣ ሚጃን ወደ ሟቿ እናት ለምና እንድታስታርቅ ይልኳታል። መንገድ ላይ የኮክ ዘመድ የሆነው ይህ ፍሬ ከዛፉ ወርዶ መሬት ላይ ታገኛለች፤ አንሥታ ትቀምሰዋለች፤ በደብተሯም ስለ ወደቀው ፍሬ ትጽፋለች። እናቲቱን እርሻ ላይ ታገኛታለች። ስለ አየሩ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ፍሬው ጣፋጭነት ይጨዋወታሉ፤ ሳቅም አለበት። ተሰናብታት ጥቂት ከተራመደች በኋላ ድንገት ፊቷ ይለወጣል፤ የመጣችበትን ጉዳይ ረስታዋለች። እዚህ ላይ ምንም የሚያስለቅስ ሙዚቃ የለም። የወደቀው ፍሬ ያችን ልጅ ነው ብሎ የሚነግረንም የለም። በእኛ አባባል ሰሙ በራሱ ሙሉ ነው፤ ሁለት ሴቶች እርሻ ዳር ስለ ፍሬ አወሩ። ወርቁን የፈለገ ይቆፍር።

መጨረሻ ላይ ፖሊሶች ልጁን ሊወስዱ ሲመጡ ሚጃና የልጅ ልጇ ደጅ ላይ ባድሚንተን እየተጫወቱ ነው። ልጁን ይወስዱታል፤ ከፖሊሶቹ አንዱ፣ በግጥም ማኅበሩ ብልግና ቀልድ እያወራ ሲያበሽቃት የነበረው ሰው፣ የልጁን መምቻ አንሥቶ ከእርሷ ጋር ጨዋታውን ይቀጥላል። ማን እንደጠቆመ አይነገረንም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ግጥሙን ጽፎ የጨረሰው ማን እንደሆነ ግን ይነገረናል፤ እርሷ ብቻ ናት። ተዋናይዋ ዩን ጆንግ ሂ ለዚህ ፊልም የተመለሰችው ከአሥራ ስድስት ዓመት ዕረፍት በኋላ ነበር፤ በ2023 ዐርፋለች። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ በአንደኛው ግጥም ጀግና ያደርጋል፤ በሌላኛው ዐይን ይከፍታል፣ የተከፈተ ዐይንም ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የምወደው ፊልም ገጣሚ የለበትም፤ ጸሐፊ ግን አለበት፤ የቢሮ ጸሐፊ። የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» (1952)፣ ትርጉሙ «መኖር»። ዋታናቤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥራ ሳይቀር በማዘጋጃ ቤት ወረቀት ላይ ማኅተም ሲያሳርፍ የኖረ የክፍል ኃላፊ ነው። ካንሰር እንደያዘውና የቀረው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ሲያውቅ፣ እናቶች ቆሻሻ ውኃ የተኛበት ቦታ እንዲደፈንላቸው ያቀረቡትን፣ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል የነበረውን አቤቱታ አንሥቶ በቦታው የልጆች መጫወቻ ያሠራል። ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ የስብከት ፊልም ይሆን ነበር። ኩሮሳዋ ግን ፊልሙ ገና ብዙ ሲቀረው ሰውየውን ይገድለዋል። የቀረውን የምንሰማው በለቅሶው ቤት፣ ባልደረቦቹ ሳኬ እየጠጡ ሲያወሩ ነው። መጀመሪያ ሥራው የእርሱ አይደለም ይላሉ፤ ሲጠጡ ቀስ በቀስ ያምናሉ፤ ሲሰክሩ ደግሞ «ከነገ ጀምሮ እንደ እርሱ እንሆናለን» ብለው ይምላሉ። በማግስቱ አዲሱ ኃላፊ አቤት ባይን ወደ ሌላ ክፍል ይመራል። አንዱ ብቻ በቁጣ ብድግ ይላል፤ ሁሉም ያዩታል፤ ቀስ ብሎ ይቀመጣል፤ ፊቱም ከወረቀቱ ክምር ጀርባ ይሰወራል። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያን አቀማመጥ ያውቀዋል። በ2022 ካዙዎ ኢሺጉሮ ጽሑፉን አዘጋጅቶ እንግሊዞች ደግመው ሠርተውታል፤ የሚያምር ነው፣ ብዙ ታጥቧል።

የጂም ጃርሙሽን «ፓተርሰን» (2016) ባላነሣ ቅር ይለኛል። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከሥራ በፊት መሪው ላይ ተደግፎ ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ውሻው ደብተሩን ይቦጫጭቅበታል። በዚህ የሚስቅ ካለ ደብተር ጠፍቶበት አያውቅም ማለት ነው።

ከእኛ ፊልሞችስ? የኃይሌ ገሪማ «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1974 በጥቂት ሳምንታት፣ ንጉሣዊው ሥርዓት እየተንገዳገደ ባለበት ክረምት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በ1976 የወጣ ሥራ ነው። ባላባቱ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ጭሰኛው ያርሳል፤ መሬቱን የተነጠቀው ከበበ እንደ ዕብድ እየለፈለፈ እውነቱን ይናገራል። ብዙዎች «ይዘገያል» ይሉታል። አዎ፣ ይዘገያል፤ ሞፈርም ይዘገያል። በሬዎቹ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱ እንድናይ መደረጋችን ተገቢ ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ፣ በማግስቱ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስቲቫል ተሸልሞ ስማችንን አስጠርቷል፤ እኔም አከብረዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር ሳስተያየው ግን አንዳንድ ጊዜ የሚናገረው ይበዛብኛል።

«ድፍረት» (2014) ላይ ሐሳቤ ሁለት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው ሂሩት ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ከገደለች በኋላ ጉዳዩ ወደ ከተማ ሲገባ ፊልሙ የሕግ ማስረጃ ይመስላል፤ ወርቁ ሰሙን ይውጠዋል። ሽማግሎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ክፍል ግን ድንቅ ነው። አንዱ ተነሥቶ ሌላው እየተቀመጠ በጨዋ አንደበት ይሟገታሉ፤ ስሕተቱን የተናገረው ሰው እንኳ አንደበተ ርቱዕ ነው። ፊልም ሠሪው የማይስማማበትን ሰው ዲዳ አላደረገበትም። የዌልተኑን መቅድም ጸሐፊ ካስታወሳችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል።

አንድ የምናፍቀው ፊልም አለ፤ እስካሁን አላየሁትም። ደበሎ የለበሰ ልጅ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየከላከለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር፣ በአንድ ጉባኤ ቃና ላይ ተሸንፎ የሚሰነብት። ታሪኩ በሙሉ ሁለት ቤት ግጥም ነው፤ ይገጥምለታል ወይስ አይገጥምለትም? ፕሮዲዩሰሩ «ፍቅሩ የት አለ?» ማለቱ አይቀርም። ቁራሽ የምትሰጠው የመንደር ልጅ ትኑርበት፤ ይሁን፤ እስማማለሁ። በበዓሉ ቀን ከበሮውና ጸናጽሉ ይሰማ። ልጁ ቅኔው ተነቅፎበት በጨለማ ወደ ጎጆው ሲመለስ ግን ኪቦርድ እንዳታስገቡበት፤ የውሾቹ ድምፅ ይበቃል።