«የውጭ ዜና» የማን ውጭ ነው?

በአንድ ወቅት ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ምሩቅ ከባንክ መስኮቴ ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ የዓለም አቀፍ ዜና ጋዜጠኛ መሆን እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ግን ከዚህ ከተማ መውጣት አለብኝ» አለኝ። የመጣው ለካሜራ መግዣ ብድር ሊጠይቅ ነበር። ብድሩ በእኔ እጅ ባይሆንም ሙግት አልነፈግሁትም።

ዓለም አቀፍ ዜና ሩቅ አገር የሆነ ነገር ብቻ ነው ያለን ማን ነው? ጀማሪው ዓለም አቀፍ ዜና ክፍል ሲመደብ የሚጠብቀው ወንበርና የሮይተርስ ጽሑፍ ነው። ይተረጉማል፤ ያነባል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትርጉምን አልንቅም፤ የዚሁ አካባቢ ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ሼክስፒርን ተርጉሟል። እርሱ ግን ኦቴሎን አማርኛ አናገረው፤ የእኛ ዜና አማርኛውን እንግሊዝኛ ያናግረዋል። «ሰበር ዜና» ይሉናል። ምኑ ተሰበረ? ፈረንጆቹ በዚያው ቃል ንጋት ሲቀድም ይገልጹበታል፤ እኛ ስብራቱን ብቻ ወሰድን። «አሁን የደረሰን ዜና» ማለት ምን ነውር ነበረው?

የቃል ነገር ሆኖብኝ ቆየሁበት እንጂ የሚያንገበግበኝስ ሌላ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ዓለም ያየው በኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራና በቢቢሲው ማይክል በርክ አንደበት ነበር። ከወር በፊት አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አክብራለች። ሬድዮአችን ድምፅም ቋንቋም አላጣም፤ ያጣው ፈቃድ ነው። ሟቹ የእኛ፣ ዜናው የሌላ ሆነ።

ያ አለፈ የሚለኝ ካለ ወደ መስኮቴ ልመልሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲታወጅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በዚያ ሳምንት ከቤይሩት የተላከላቸውን ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት ብሩን ቆጥረው «ልጄ ጨምራ ነው እንዴ የላከችው?» አሉኝ። ዋሽንግተን፣ ቤይሩትና አምቦ በአንዲት ደረሰኝ ላይ ተገናኝተዋል። ማታ የሰማሁት ዜና ግን ከመግለጫው በቀር ምንም አልነበረበትም።

«ኦሮምኛውም አማርኛውም የአፍህ ነው፤ መቅረጫውን በኪስህ ይዘኸዋል። ከዚህ ሰልፍ ለምን አትጀምርም?» አልሁት።

ስልኩን አወጣ፤ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ፈቃዱንስ ማን ይሰጠኛል፣ ጋሼ?»

ከኋላው ያሉት አዛውንት ደብተራቸውን በመስኮቱ አቀበሉኝ።