«ጅቡቲ ደግሞ ምን ይታያል?» ለሚሉን

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጥቂቶቻችን በባቡር ጅቡቲ ደርሰን ስንመለስ የቦሌ ጓደኞቻችን ሳቁብን። «ሙቀት ፍለጋ ነው? እዚያ ደግሞ ምን ይታያል?» አሉን። ዱባይ ሄደን ቢሆን ኖሮ ፎቶግራፉን ለማየት በተሻሙ ነበር። እንግዲያው መልስ መስጠት ግዴታችን ነው።

እስቲ ከዚያው ከቦሌ እንነሳ። የምንኮራበት ፎቅ መስተዋቱ በምን መጣ? ሊፍቱስ? በሩ ላይ የቆመው አውቶሞቢልስ? «ኤርፖርት አለን አይደል እንዴ!» የሚል አይጠፋም። አበባና ሥጋ በአውሮፕላን ይወጣል፣ አልካድንም። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ብረት ግን በክንፍ አይመጣም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ፣ በባሕር ከሚመጣልን ዕቃ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው የሚራገፈው ጅቡቲ ነው።

ታዲያ ምን አየን? ሐቁን እንናገር፦ ቤተ መንግሥትም ፏፏቴም አላየንም። የዶራሌን ክሬኖች ከሩቅ አየን። ከከተማው ዳር፣ ፔካ ዱዝ በሚሉት ሰፈር፣ የእኛ አገር ተሳቢዎች ተደርድረው አየን። ሾፌሩ ጥላ ፍለጋ ከተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፏል፤ ረዳቱ ሽሮ ጥዷል። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር «ምን ልታዩ መጣችሁ ልጆቼ?» አሉን። «ወደቡን ነዋ፣ ጋሼ!» «እኛ እንኳ የምናየው ወረፋውን ነው» አሉና ሻይ ቀዱልን።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የባሕር በርን ነገር በቴሌቪዥን ካነሱ ወዲህ በየካፌው ማኪያቶ ይዞ ካርታ የሚስል በዝቷል። ጥያቄው አይነሳ አላልንም። ግን ወደብ ማለት በካርታ ላይ ያለች ነጥብ ናት እንዴ? ወደብ የሰው ጫንቃ ነው፣ ወረፋ ነው፣ በእሳት ፀሐይ የሚፈስ ላብ ነው። ጅቡቲም የእኛ መጋዘን ሳትሆን በ1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ያገኘች የሰው አገር ናት። ወዛደሩን ሳያውቁ ስለ ባሕሩ መፎከር ባዶ ጩኸት ነው!

እኛም ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበርንም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ አያቶቻችን ጅቡቲን እንደ ጎረቤት ሰፈር ያውቋት ነበር። እኛ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ይዘን ስሟን ስንሰማ ፊታችንን እናጨማድዳለን።

ላሊበላን እንጎብኝ፤ ጎንደርንም እንጎብኝ። ግን ያለፉ ነገሥታትን ሥራ ለማየት የማንሰስተውን ጊዜና ገንዘብ፣ ዛሬ የሚያኖረንን ወዛደር ሥራ ለማየት ስለምን እንሰስታለን?

«ምን ይታያል?» ላልከን ጓደኛችን፦ የተሸከመህ ሰው ይታያል። ሄደህ እየው።