የብስክሌት ፍሬን ስለ ማስተካከል

የተራራ ብስክሌት በርካሽ ተገዝቶ ወደ ቤት ሲገባ የልጆች ደስታ ታላቅ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ብስክሌት ብዙ ጊዜ ፍሬኑ በሚገባ ሳይስተካከል ይሸጣልና፣ ልጁ ሳይወጣበት መመርመር የወላጅ ፈንታ ነው።

ይህ ፍሬን በሁለት ክንዶች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ጨብጦ የሚያቆም ነው። እኛም አንድ ጊዜ የልጃችን ፍሬን ቸርኬውን ባንድ ወገን ሲፈትገው አይተን፣ ብሎኑን ስናጠብቅና ስናላላ ዋልን። ኋላ ስንመረምር ግን ፍሬኑ ሳይሆን መንኰራኵሩ ራሱ በሹካው ውስጥ ተጣሞ ገብቶ ኖሯል። ስለዚህ ሥራው በተራ ይሁን።

አስቀድሞ መንኰራኵሩ ቀጥ ብሎ መግባቱንና ሳይወላገድ መዞሩን እዩ። ቀጥሎ የፍሬኑ ላስቲክ በሙሉ በቸርኬው ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ እየፈተገ ይበሳዋልና። ከዚያም የፍሬኑን ሽቦ ስባችሁ፣ በግራና በቀኝ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትታችሁ፣ ማሰሪያውን ብሎን አጥብቁ። አንደኛው ክንድ ወደ ቸርኬው አብልጦ ቢጠጋ፣ በዚያው ክንድ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በጥቂቱ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ሞላው ይጠነክርና ክንዱ ይርቃል።

በመጨረሻም እጀታውን ደጋግማችሁ በኃይል ጨብጡ። ሽቦው የሚሾልክ ከሆነ በደጃፋችሁ ይሹለክ እንጂ ልጁ ቁልቁለት ሲወርድ አይሁን።