ዐለት ሲዝል፦ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ስንጥቅና የክረምቱ ውኃ

የቅዱስ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ስንጥቅ ጉዳይ በዜና ተነሥቶ በዜና የሚረሳ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ነዋሪዎች ከካህናቱ ጋር ሆነው መጠለያዎቹ ሳይወድቁ ይነሡልን ብለው አደባባይ ወጡ። መጋቢት 3 ቀን በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር በሥፍራው ተገኝተው አገራቸው ለጥበቃው እንደምትረዳ ገለጹ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ወሬውም ቀዘቀዘ። ስንጥቁ ግን ወሬ አይጠብቅም።

እዚህ ዳንግላ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ በተነጋገርን ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ዐለት ዛሬ ምን አገኘው? ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ዐለት የሚሰበረው ከዐቅሙ በላይ ሲጫኑት ብቻ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው።

በቤተ ሙከራ የሚታየው ሌላ ነው። አንድን የዐለት ቁራጭ ሊሰብረው ከሚችለው ጫና ባነሰ ኃይል ተጭነው ቢለቁት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የተመለሰ ይመስላል። ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም፤ በውስጡ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ተከፍተዋል። ጫናው ሲደጋገም እነዚህ ይረዝማሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይገናኛሉ። ሽቦን በእጅ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ በማጠፍ እንደመቁረጥ ነው። ለውጡ በመጀመሪያ ፈጠን ይላል፤ ቀጥሎ እጅግ ረጅምና ዝግ ያለ ጊዜ ይመጣል፤ በመጨረሻ በድንገት ፈጥኖ ዐለቱ ይሰበራል። የሚያታልለን መካከለኛው ጸጥታ ነው። ስምንት መቶ ዓመት መቆም የጥንካሬ ምስክር የመሆኑን ያህል የድካም ዘመን ቁጥርም ነው።

በላሊበላ የሚደጋገመው ጫና ምንድን ነው? ብዙዎች በልደት በዓል የሚጎርፈውን ሕዝብ ይጠቅሳሉ። የምእመናን እግር ወለሉንና ደረጃውን ይፍቃል፤ ግድግዳና ጣራ የሚሰነጥቀው ግን በዋናነት ውኃና ሙቀት ይመስለኛል። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ዐለት ቀዳዳ የበዛበትና በከፊል የበሰበሰ ነው፤ ከመበስበሱ የተነሣ የሸክላ ባሕርይ ያለው ነገር በውስጡ ይገኛል። ዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በዐለቱ ውስጥ ይኸው በትንሹ በየዓመቱ ይፈጸማል። በዚህ ላይ የቀን ፀሐይና የደጋው ሌሊት ብርድ ይፈራረቁበታል። የረጠበ ዐለት ደግሞ ከደረቀው ይልቅ ደካማ ነው። ጻድቁ ኢዮብ በምዕራፍ 14 ስለ ውኃና ስለ ድንጋይ የተናገረው የዐይን እማኝ ነገር ነው።

ከዚህ አንጻር በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የቆሙት መጠለያዎች ዓላማ ስሕተት አልነበረም። ዝናሙን ማቋረጥ የጫናውን ምልልስ ማቋረጥ ነውና። ሲቆሙ ግን ጊዜያዊ ተብለው ነው። አሁን ከባድ ምሰሶዎቻቸው በሥጋት የሚታዩ ናቸው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚያንቀጠቅጣቸው ጣራ የካህናቱን ልብ ያናውጣል፤ ለዘመናት እርጥበት የለመደው ዐለት ከመጠን በላይ ደርቋል የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ይንሡ የሚለው ጩኸት እውነት አለው። ይሁን እንጂ ምትክ ሳይዘጋጅ ቢነሡ የሚቀጥለው ክረምት ደረቁን ዐለት በአንድ ጊዜ ያርሰዋል፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል።

መድኃኒት ተብሎ ጉዳት የሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ ግድግዳዎች በሬንጅ ተለብጠው በቀይ ቀለም ተቀቡ። ውኃ እንዳይገባ የተደረገው ልባጥ የገባው እንዳይወጣም ከለከለ። ከ1966 እስከ 1972 በተካሄደው ሥራ እንዲህ ያለውን ልባጥ ማንሣት ግድ ሆነ።

የሚቀድመው ቀላሉ ሥራ ነው፦ ቀድሞ በዐለቱ ላይ የተፈለፈሉት የውኃ መውረጃዎች ከአፈርና ከቆሻሻ እንዲጸዱ፣ በየስንጥቁ ግራና ቀኝ ምልክት ተደርጎ በክረምት መግቢያና መውጫ ርቀቱ ተለክቶ በአንድ መዝገብ እንዲቀመጥ። ለዚህ የውጭ ባለሙያ ሳይሆን መለኪያና ታማኝ ጸሓፊ ይበቃል። ዝናም በማይታክትበት በአዊም ላሉት የድንጋይ አድባራት ይኸው ይሠራል፤ ከሰኔ በፊት አሸንዳው ይታይ፣ የመሠረቱ ዙሪያ ውኃ የሚያቁር እንደሆነ ይቆፈር፣ የግድግዳው ስንጥቅም ከአምናው ጋር ይነጻጸር።